«ያ ቡድን አሁንም አለ እንዴ?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ የቀረበ መልስ

ለሒሳብ ጥናት ተቋማችን ክቡር ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ እንዲበረታ፣ የወገብዎ ሕመምም በአዲሱ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎ እንዲሻልዎት ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኮሪደሩ ላይ ተራዬን ስጠብቅ የቢሮዎ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ ጸሐፊዎን «ያ የቁጥር ጥናት ቡድን የሚባለው አሁንም አለ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። እሳቸውም «እኔ እንጃ፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን የሆነ ሰው መብራት ያበራል» ብለው መለሱልዎት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እኔ ግን በሙያችን የአንድን ነገር መኖር አለመኖር መጠየቅ ከጥያቄዎች ሁሉ የከበደው መሆኑን ስለማውቅ፣ በዚያ ሁሉ የሥራ ጫና መካከል ስለ መኖራችን መጨነቅዎ ልቤን ነክቶታል። ጉዳዩ በመብራት ብቻ እንዳይወሰን በማሰብም መልሱን በጽሑፍ አዘጋጅቼ፣ ለሁሉም እንዲታይ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ደፍሬአለሁ። አለን። ሦስት ነን።

«የሚታይ እንቅስቃሴ የሌላቸው የምርምር ቡድኖች ከመጪው ዓመት ጀምሮ ወደ ትልልቆቹ ይቀላቀላሉ» የሚለው ማስታወቂያዎ ከወጣ ወዲህ ይህን ማስረዳት የግድ ሆኖብኛል። እንድንቀላቀል የታሰበው ከጂኦሜትሪ ቡድን ጋር መሆኑንም ሰምቻለሁ። የጂኦሜትሪ ቡድን መሪ፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለማስታወሻ ያህል እንጂ ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ነጥቦች ጋር አንዳች ግንኙነት አለው ለማለት አይደለም።

አንደኛ፦ የጂኦሜትሪ ቡድን ለሚያካሂደው ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት በዋናው በር ላይ ስላሰቀሉት ባነር ምስጋናዬ ወደር የለውም። የወንድሜ ፎቶግራፍ በጥሩ ሁኔታ ወጥቷል፤ በልጅነቱ የምናውቀው ጆሮው እንኳ ተስተካክሏል። ባነሩ ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ ግን ጠዋት ጠዋት ስገባ አንገቴን ደፍቼ ለማለፍ ተገድጃለሁ። ይህን አይተው «ታላቁ ሆኖ እንዲህ ያከብረዋል» ያሉ ሰዎች አሉ፤ አላረምኳቸውም።

ሁለተኛ፦ የእኛ የሐሙስ ስብሰባ የሚካሄደው ከትልቁ አዳራሽ ጎን፣ ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ በነበረችው ክፍል ነው። ሥርዓታችን ቀላል ነው። አንዳችን ከምናነበው ጽሑፍ አንድ መስመር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ሦስታችንም አምነን ካልተቀበልነው ወደሚቀጥለው አንሻገርም። በዚሁ ምክንያት ‹ቆይ ቆይ› የሚል ስም የወጣላት ባልደረባችን እጇን አንስታ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ካለች ዕለቱ እዚያው ላይ ይመሻል። አምና ማንበብ ከጀመርነው ጥናታዊ ጽሑፍ አሁን አራተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። የወንድሜ ቡድን ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ከሰዓት አንብቦ፣ «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ብሎ፣ ሻይ ለመጠጣት ወጥቷል።

እኛ ጋ ተጨብጭቦ አያውቅም። ትልቁ አድናቆታችን ቆይ ቆይ «እሺ» ስትል ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ የምትለው ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። ከግድግዳው ማዶ፣ በትልቁ አዳራሽ ግን፣ ወንድሜ ቀልዱን ሳይጨርስ የአድማጮቹ ሳቅ ይቀድመዋል። ቀልዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ የእኔ ናቸው። ቀጥሎ ጭብጨባው ይመጣል፤ አንዳንዴ የእኛን መስመር ጽፈን ስንጨርስ ልክ ስለሚደርስ፣ ማርከር የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው የማያውቁት አዛውንቱ መምህራችን ጋሼ ጠመኔ ወደ ግድግዳው ዞረው እጅ ይነሳሉ። ለዚህም ቢሆን የግድግዳውን ስስነት ያጸደቀውን የተቋሙን አመራር ማመስገን ይገባል።

ሦስተኛ፦ በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ «የምርምር ቡድኖች እንቅስቃሴና ዝግጅቶች» በሚለው ክፍል፣ የጂኦሜትሪ ቡድን ዐውደ ጥናቱ፣ ተጋባዥ እንግዶቹ፣ የእግር ኳስ ግጥሚያውና ወንድሜ ዋንጫ ሲስም የተነሳው ፎቶ ሳይቀር ተዘርዝሯል። የእኛን ስም ሲጫኑት «መረጃው በቅርቡ ይሞላል» ይላል። ይህ ከተጻፈ ወዲህ ድረ ገጹ ሁለት ጊዜ ቀለሙን ቀይሯል። በዓመታዊ ሪፖርቱም «ሌሎች» በሚለው ርዕስ ሥር፣ ከግቢው የውሃ ታንከር እድሳት ጋር በአንድ አንቀጽ ተጠቅሰናል። ታንከሩ ፎቶ አለው።

ይህን የሚያነቡ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ቅናት ነው» ማለታቸው አይቀርም። ቅናት አይደለም። በእረፍት ሰዓት ለጂኦሜትሪ ቡድን የሚቀርበው ብስኩት ስንት ዓይነት እንደሆነ እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም። ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ ቸኮሌቱ ቶሎ ያልቃል።

አራተኛ፦ ይህ የግል ጉዳይ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የዐውደ ጥናቱ ተሳታፊዎች በጀልባ ሽርሽር ወጥተው ነበር፤ ጥሪው እኛ ጋ አልደረሰም። በማግሥቱ እናታችን ስልክ ደውላ «ወንድምህ ፎቶውን ልኮልኝ ከጎረቤት ጋር ስናየው ዋልን፤ አንተን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁህ። ማን ሸፈነህ ልጄ?» አለችኝ። አንድ ረጅም እንግዳ ከፊቴ ቆሞ ነው አልኳት። «አንተ ደግሞ ትንሽ ጠጋ አትልም? ከድሮም ዳር ዳሩን ነህ» ብላ ተቆጣችኝ። ክቡርነትዎ በሚቀጥለው ሽርሽር ላይ ከመጨረሻው ረድፍ ፊት ለፊት አንድ ረጅም ሰው እንዲያስቆሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ቃሌ እንዳይታጠፍ ያህል ነው።

አምስተኛ፦ እዚህ ላይ ቀልድ አልጨመርኩም። ጋሼ ጠመኔ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የበሩ ጥበቃ የሚያስገባቸው በቡድናችን አባልነታቸው ብቻ ነው። ቡድኑ ሲቀላቀል አባልነታቸው ይቀራል፤ የትልልቆቹ ቡድኖች ደንብ ጡረተኛ አይጨምርምና። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሐሙስ ሸሚዛቸውን ሰኞ ተኩሰው፣ ወንበር ላይ ሰቅለው እንደሚጠብቁ ልጃቸው ነግራኛለች። ሰሌዳው ፊት ሲቆሙ ግን እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ጻፉ ማለት ጻፉ ነው፤ ከዚያ ቆይ ቆይ ታስቆማቸዋለች፣ እሳቸውም «አንቺ ልጅ፣ ልትገይኝ ነው?» እያሉ በደስታ ይደመስሱታል። የሚታይ እንቅስቃሴያችን ይህ ነው። ለማየት ግን ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ያስፈልጋል።

«ታዲያ ለወንድምህ አትነግረውም?» ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ዳይሬክተር፣ ከወንድሜ በሕይወቴ የለመንኩት ነገር ቢኖር ድምፁን እንዲቀንስልኝ ብቻ ነው፤ እሱንም አልቀነሰም። ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ፊቱ ይፈካል፤ ዘበኛው ለእሱ ከወንበሩ ይነሳል፣ ለእኔ መታወቂያ ይጠይቀኛል። ደግሞ አይታበይም፤ ቢታበይ ኖሮ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። ስለዚህ አቤቱታዬን ለእርስዎ አቅርቤአለሁ፦ ሦስታችንን እንዳለን ይተዉን። ባነር አንጠይቅም። ሽርሽሩም ይቅር። የበሩን ቁልፍና ጠመኔውን ብቻ ይተዉልን፤ ጠመኔውም ካስቸገረ ጋሼ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ።

ይህን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ፣ ወይም ጸሐፊዎ አሳጥረው ስለሚነግሩልኝ፣ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ መኖሩ በጽሑፍ የተረጋገጠው የቁጥር ጥናት ቡድን ሰብሳቢ፣ የእናቴ የበኩር ልጅና የክቡርነትዎ ትሑት አድናቂ ሆኜ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ክፍት ቦታ ስላልተገኘ ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት በጂኦሜትሪ ቡድን ፖስተር ጫፍ ላይ ነው። የማንም ፊት አልተሸፈነም፤ የእርስዎ መልእክት የነበረበት ጥግ ስለሆነ ማንም እንዳልተጉላላ እርግጠኛ ነኝ። በተረፈ፣ ጸሐፊዎ የዚህን ሳምንት የቡድኖች እንቅስቃሴ እንድናሳውቅ ስለጠየቁን ለመዝገቡ ያህል፦ ሐሙስ ዕለት ስብሰባችን አልተካሄደም። ሦስታችንም የወንድሜ ገለጻ ላይ ነበርን።