ታጥቦ ስለተመለሰልኝ የመስታወት ቱቦ

ለተከበሩ የፈጠራ ሥራዎች መዝጋቢና መርማሪ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ ደህና ነው? የምግብ ፍላጎትዎስ? ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ቀን ቀን የሚጥል ድብታ የለብዎትም? ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሰላምታዬም ሙያ ሙያ ይሸታል። ደህና ከሆኑ እሰየው። ደህና ካልሆኑም አያሳስብዎ፤ እኔ ባለኝ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ አገር እንዲያነበው አድርጌ መጻፌ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ዘጠኝ ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ መደርደሪያ ላይ በቁጥር ተራቸው ተደርድረው፣ አንዳቸውም ሳይከፈቱ በክብር ተቀምጠው በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ። ያልታሸገ ደብዳቤ ለመክፈት አያደክምም ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ መቼም መንገር አለብኝ። በእኛ አካባቢ ዝንብ ነክሶ የሚያስተላልፈው፣ እኛ የላቦራቶሪ ሰዎች «ድብቁ» የምንለው የደም ተውሳክ አለ። በሽተኛውን በመጀመሪያ በትኩሳት ያነድደዋል፣ ቆይቶ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥልበታል፣ በመጨረሻም ከዚያ እንቅልፍ አይመልሰውም። መድኃኒት አለው። ነገር ግን መድኃኒቱ ራሱ ልብ ሊያቆም የሚችል ብርቱ ነገር በመሆኑ፣ ተውሳኩ በዓይን ታይቶ ውጤቱ በማኅተም ካልተረጋገጠ በቀር ማንም ሐኪም አያዝዘውም። ድብቁ ደግሞ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ ካሉት እልፍ አእላፍ ሕዋሳት መካከል አንድ እንኳ ከተገኘ ትልቅ ዕድል ነው።

ታላቅ እህቴ ድብቁ አለባት። እትዬ ነው የምላት፤ እናታችን ካለፈች በኋላ አጥባ አብልታ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችኝ እሷ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት በስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ ኖራለች። አሁን ምሳ እየበላች ማንኪያው እጇ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳታል። ትኩሳቱ ሲነሳባት ደግሞ ሥራ ላይ ያለች ይመስላትና፣ በዚያ ከተማ ሁሉ በሚያውቀው ድምጿ፣ «ይጠብቁ፣ እያገናኘሁ ነው» ትላለች። ደሟን በማይክሮስኮፕ አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። አሥራ አንድ ጊዜም «ምንም አልታየም» ብዬ በገዛ እጄ ፈረምኩ።

እንግዲህ እህቱ ዓይኑ እያየ የምትሄድበት ሰው አርፎ አይቀመጥም። ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር፣ ከዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕና ከአንድ ስንዝር የመስታወት ቱቦ አንድ መሣሪያ ሠራሁ። ሞተሩ ደሙን አሽከርክሮ ከባዱን ከቀላሉ ይለያል፤ ፓምፑ ከላይ የቀረውን ቀጭን ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፤ ድብቁም ሲያልፍ የቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሚጣበቀው የቱቦውን ውስጥ የቀባሁት ከዚሁ በሽታ ከዳነ ሰው ደም አጣርቼ ባወጣሁት ነገር ስለሆነ ነው። የዳነ ሰው ደም ጠላቱን አይረሳም፤ ባገኘበት አንቆ ይይዘዋል። በከተማችን ከድብቁ ድነው የተነሱ የማውቃቸው ሰው አንድ ብቻ ነበሩ፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ የሚኖሩት አዛውንት አናጢ። ክንዳቸውን ዘረጉልኝና፣ «ውሰደው ልጄ፣ እኔ ጋ ሥራውን ጨርሷል» አሉኝ። ያ ቅብ ሲደርቅ ቢጫ ይሆናል። ለማያውቀው ሰው ሳይታጠብ የከረመ ብርጭቆ ይመስላል።

የእትዬን ደም በዚያ ቱቦ ባሳለፍኩ ቀን ሦስት አየሁ። ሦስት፣ ሲወራጩ። ሐኪሙን ጠርቼ አሳየሁት፤ አየ። ነገር ግን ባልተመዘገበ መሣሪያ የታየ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራልና፣ መድኃኒቱን ለማዘዝ የእናንተን የምስክር ወረቀት ጠየቀኝ። እኔም መሣሪያዬን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ የዋላችሁልኝን ውለታ ሳልረሳው በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ/ የተቀበሉኝ ባለሙያ መሣሪያዬን በእጅጉ አድንቀው ካገላበጡት በኋላ፣ በቅጹ ላይ ለሚሽከረከርና ፈሳሽ ለሚያወጣ ዕቃ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ከጭማቂ መጭመቂያዎች ጋር መዘገቡልኝ። ይህ እንዲታረምልኝ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ደጅ ጠናሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ስወርድ እግሬ ቀጠነ። በዚህ መካከል የጭማቂ መርማሪዎቹ ለናሙና የሚሆን የበሰለ ማንጎ ይዤ እንድቀርብ በደብዳቤ ስለጠሩኝ፣ ቢያንስ አንድ ክፍል ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ እንዳለው አውቄ ተጽናናሁ። ለዚህም አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ በጽሕፈት ቤትዎ አሠራር አንድ ፈጠራ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል፤ ወረቀቱ ወደ መዝገብ ቤት፣ ዕቃው ወደ ንብረት ክፍል። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አይተያዩም። በማብራሪያዬ አራተኛ ገጽ ላይ «መስታወቱ ፈጽሞ አይታጠብ፤ ፈጠራው ያለው ቅቡ ላይ ነው» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። ገጹ በመዝገብ ቤት እንደ ዓይን ብሌን ተጠብቆ ይገኛል። በንብረት ክፍል ግን የቆሸሸ ዕቃ አይገባም የሚል መመሪያ አለ።

ስለ ንብረት ጠባቂው አንድ ነገር ልናገር። በአሥራ አንድ ወር ምልልሴ በቤትዎ ውስጥ ሥራ ሲሠሩ ያየኋቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይም ከስብሰባ እየተመለሰ ነው። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መደርደሪያቸውን አብሰው፣ እንግዳ ሲመጣ ከወንበራቸው ተነስተው ይቀበላሉ። መሣሪያዬ በገባ በሦስተኛው ቀን ያንን ቱቦ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ አልለቅ ሲላቸውም በበረኪና፣ የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ እያስገቡ እያወጡ አጠቡት። እኔ ይህን ያወቅኩት በዘጠነኛው ወር፣ ለሙከራው እንዳዘጋጀው ዕቃ ቤቱ ሲከፈትልኝ ነው። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አሳዩኝ። «እንዴት ቆሽሾ እንደነበር ቢያዩት፤ አንድ ቀን ሙሉ ነው የፈጀብኝ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያለው ኩራት አንጀቴን በላው። የሦስት ዓመት ልፋቴን ውሃ እንደበላው ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አመሰገንኳቸው።

መልሰህ ብትቀባውስ ይሉኝ ይሆናል። አናጢው በሰባተኛው ወር፣ እኔ እናንተ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ በእርጅና አረፉ። ቱቦው በታጠበበት ሳምንት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ክንዳቸውን ደግመው ይሰጡኝ ነበር። አሁን ቅቡን ለማግኘት ከድብቁ የዳነ ሰው ያስፈልገኛል። ሰው እንዲድን መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ መድኃኒት እንዲታዘዝለት ተውሳኩ መታየት አለበት፤ ተውሳኩ እንዲታይ ቅቡ ያስፈልጋል። ይህንን ክብ ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አይጠይቁኝ። የስፌት መኪናው ሞተር እንኳ ያን ያህል አልተሽከረከረም።

፫ኛ/ የመርማሪ ኮሚቴው አምስት አባላት አዲስ በተነጠፈው ምንጣፍ ምክንያት ደም ወደ አዳራሹ እንዳይገባ በመወሰናቸው፣ የመጀመሪያው ሙከራ በንጹሕ የመጠጥ ውሃ ተከናወነ። መሣሪያው በውሃው ውስጥ ምንም አለማግኘቱ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። በዚህ ረገድ ውጤቱ ትክክል መሆኑን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም። በልመና ብዛት ሁለተኛው ሙከራ ከበሩ ውጭ፣ በእትዬ ደም ሲደረግ፣ ቱቦው ታጥቦብኛልና ሙከራው ዋጋ የለውም ብዬ ብጮህ፣ ሰብሳቢው ለንጽሕና ይህን ያህል ጥላቻ ያለው የጤና ባለሙያ አጋጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ሳቅ ሆነ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው አይታወቅም። የደረሰኝ የውሳኔ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «መሣሪያው ምንም ዓይነት ቅንጣት መለየትም ሆነ ማሳየት አልቻለም። ሆኖም የንጽሕና አያያዙ የሚያስመሰግን ነው።»

፬ኛ/ በዚሁ ደብዳቤ ላይ ቅር የተሰኘ አመልካች በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል፣ ነገር ግን ናሙናው የተወሰደባትን በሽተኛ በአካል ይዞ መቅረብ እንዳለበት ተገልጾልኛል። እትዬ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ያሉትን አራት እርምጃዎች መራመድ ካቆመች አምስት ሳምንት ሆኗታል። ትናንት በቀን ውስጥ ነቅታ የቆየችው ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያች ውስጥ ግማሹን እኔን ማን ነው ብላ ስታስብ ቆየች።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ደንብ ጽፌያለሁ፤ አሁን ግን እንዳለ ልናገር። ተስፋ ቆርጫለሁ። ሐኪሙን ለምኜዋለሁ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ያየውን ማየቱን አይክድም፣ ግን ያለ ወረቀት እጁን አያነሳም። አልፈርድበትም። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ወረቀት እጄን ሳላነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። እትዬ በስልክ ቤት ስትሠራ ግን እንዲህ አልነበረችም፤ መስመር እምቢ ሲላት በሌላ ከተማ አዙራ፣ እሱም እምቢ ካለ በሦስተኛው አዙራ፣ ሰውን ከሰው ሳታገናኝ ከወንበሯ አትነሳም ነበር። ከእሷ ያላገኘሁት ይህን ነው፤ ያናድደኛል።

ያም ሆኖ ይግባኙን በሠላሳኛው ቀን አስገባለሁ። የሚመጣ ነገር ይኖራል ብዬ አይደለም። እትዬ «ይጠብቁ» ስትለኝ እምቢ ማለት ስላልተማርኩ ነው። እርስዎም ይግባኜን ከዘጠኙ ደብዳቤዎቼ አጠገብ፣ በለመደው ክብሩ፣ ሳይከፈት እንደሚያስቀምጡልኝ በመተማመን ከወዲሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ይስፋ፤ ምንጣፉ አይደብዝዝ፤ መደርደሪያው አቧራ አይንካው፤ ለእርስዎም ድብታ የሌለበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ።

እጅ ነስቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወደ ኋላዬ እያፈገፈግሁ የምሰናበትዎ፣
በጭማቂ መጭመቂያዎች መዝገብ ላይ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት የሆንኩት
የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ አራተኛውን ገጽ ለሚጠብቁት
ለመርማሪ ኮሚቴው፣ ከምንጣፉ ጋር
ለእትዬ፣ ስትነቃ የሚነበብላት

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦

ይህን ፈርሜ ካስቀመጥኩ በኋላ ሰኞ ጠዋት ንብረት ጠባቂዎ በላቦራቶሪዬ መስኮት ብቅ አሉ። ሦስት ሳምንት ትኩሳት እንዳልለቀቃቸው፣ ከምሳ በኋላም ዕቃ ቤቱ ውስጥ በተቀመጡበት እንቅልፍ እንደሚጥላቸው፣ ቤታቸው ያሉ ሰዎች ስንፍና ነው እያሉ እንደሚስቁባቸው ነገሩኝ። ደማቸውን ወስጄ ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ በተፈቀደልኝ መሣሪያ አየሁት። አንድም አላገኘሁም። ይህ ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ፣ በየሳምንቱ መምጣት እንዳለባቸው ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን የሰሙት ማኅተሙን ብቻ ነው። «ምንም አልታየም» የሚለውን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አነበቡት፤ ፊታቸው በራ። አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱትና፣ እኔ ያን ቀን እንዳመሰገንኳቸው አመሰገኑኝ።