አሥራ ሁለት እግር እንሰት

ታኅሣሥ 6
ዛሬም አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተነሳሁ። ውሃ፣ ላም፣ ቁርስ፣ ልጆች... ፀሐይ ሳትወጣ ወገቤ አለቀ። ሲላስ አሥራ ሁለት እግር እንሰት ነቅሎ ጣለልኝና ጊምቢቹ ወረደ። የባል ሥራ በቃ። መፋቁ፣ እንዲቦካ መቅበሩ፣ ቆጮውን ሆሳዕና ማድረሱ የእኔ። ነጋዴው ፈትሁዲን መናኸሪያው ጋ "የሲላስ ቆጮ" ብሎ ይሸጠዋል። ሲላስ የእንሰት መፋቂያ ጨብጦ ያውቃል? ወንድ ሴቶች የሚፍቁበት ቦታ ድርሽ አይልም። እግራችንን ሰቅለን ስለምንፍቅ ነውር ነው ይባላል። አለማየቱ ጠቀመው።

ታኅሣሥ 9
በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ይመስላል።
ማክሰኞ እንግዶች ይዞ መጣ። ምሳ አልደረሰም፤ ከምፍቅበት ገና መነሳቴ ነበር። "ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው?" ምን ስሠራ... እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኖ እያየ። "የምትበላውን" አልኩት፣ እንግዶቹ ፊት። መቆፈሪያውን አነሳ። አንዴ ጀርባዬን። ሁለተኛውን በቀኝ እጄ መከትኩ... እንጨቱ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። እንግዶቹ "ተው ሲላስ" አሉ። ተነስቶ የያዘው ግን የለም።
ትናንት ሐኪም ቤት እጄ ጀሶ ገባ። ስድስት ሳምንት። ሐኪሟ "ምን መታሽ?" አለች። ወደቅኩ ልል ነበር... "ባሌ" አልኩ። ጻፈችው።
እጠላዋለሁ። ይኸው እኔም ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 11
ያልፋቅኩት እንሰት እንደተነቀለ ነው። ከዚህ በላይ ከቆየ ይበላሻል። ሲላስ ፋቂ ፍለጋ ጎረቤት ዞረ። ሣራ እምቢ። እህቷም እምቢ። መጨረሻ ላይ እናቱን አመጣ። አማቴ ከማን ጋር እንደሚቆሙ መች ጠፍቶኝ... ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።
መፋቂያውን አነሱና ለልጃቸው ሰጡት። "የሰበርከው እጅ ሥራ ይኸውልህ። ጨርሰው።"
"እማዬ፣ ወንድ ነኝ እኮ።"
"አባትህም ወንድ ነበር" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ያ የተጣመመ ክንዳቸው... ስንት ዓመት አየሁት፣ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ታኅሣሥ 13
ሲላስ ፋቀ። እግሩን ሰቅሎ የእንሰቱን ልጥ በተረከዙ ሳንቃው ላይ ሊይዝ... ሁለቴ በጀርባው ወደቀ። ሴቶቹ አጥሩ ጋ ቆመው አዩት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።
ደስ አለኝ። ኃጢአት ከሆነም ይሁን።

ታኅሣሥ 16
አሥራ ሁለቱም ተፍቆ ተቀበረ።
ምሳ ላይ ወጡ ጨው በዛ ብሎ ተነሳብኝ። በአንድ እጄ የሠራሁትን ወጥ። ቡጢ ሊጨብጥ ሞከረ... መዳፉ ውሃ ቋጥሮ፣ ተልጦ፣ አልታጠፍ አለው። አልሸሸሁም። እጁን አየሁት። እሱም አየው። ተቀመጠ።
ሲድንለትስ? የእሱ መዳፍ በሳምንት ይደርቃል፤ የእኔ ጀሶ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል።
ፈትሁዲን ጋ ደወልኩ። ከእንግዲህ በእኔ ስም፣ "የሙሉመቤት ቆጮ" ብለህ ሽጥ አልኩት። ሌላ አሥራ ሁለት እግር እንዳለንም ነገርኩት።
"በተሰበረ እጅሽ?" አለኝ።
"ሲላስ ይፍቀዋል።"
አማቴ ይህን ሰምተው መፋቂያውን ሊያጥቡ ወጡ።