የኮልድ ሩሙ በር በቅበላ ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዘጠኝ ዲግሪ። ጠዋት ስገባ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍላችን፣ ኮልድ ሩሙ፣ ዘጠኝ ያሳያል። ከአራት ማለፍ አልነበረበትም። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የራሴን አስገባሁ፤ እሱም ዘጠኝ አለ።

እሑድ ቅበላ ነው። ጾሙ ሳይገባ ሥጋ ሊበላ የማይወጣ ሰው የለም፤ ወሎ ሰፈር ያለ እንደኛ ዓይነት ሥጋ ቤት ደግሞ ወንበር አይበቃውም። ከሐሙስ ጀምሮ ሥጋ በብዛት ይገባል። ዘጠኝ ዲግሪ ውስጥ የት ላስቀምጠው?

ጣሪያ ላይ ወጥቼ ኮንደንሰሩን ከፈትኩ። ከውስጥ የወጣውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚተፋው እሱ ነው፤ ካልተነፈሰ ውስጡ አይቀዘቅዝም። ከጎናችን ሕንፃ እየተሠራ ስለሆነ የሲሚንቶው አቧራ ከኩሽናው ቅባት ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ደርቆበታል። በትልቅ ብሩሽ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ፣ መጨረሻ ላይ በጥርስ ብሩሽ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጎንብሼ ነበር። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም።

ስወጣ ስድስት ዲግሪ ደርሷል። እየወረደ ነው። ደህና።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስምንት።

ጋሽ ተሰማ ከአንድ ታፋ ላይ ቁራጭ አንስተው እንዳሸትተው አቀረቡልኝ። ሥጋ ቆራጫችን ናቸው፤ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የነበሩ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። «ምሥሬ፣ ይሄ ለሰው አይሰጥም» አሉኝ። ታፋው እንዳለ ተጣለ።

ዛሬ የሠራሁት፦
የበሩን ጎማ በሳሙና አጠብኩ። አልተቀደደም፣ በደንብ ይገጥማል።
የውሃ መውረጃው ቱቦ ተደፍኖ ነበር፤ ከፈትኩት።
የሦስቱን የለስላሳ ፍሪጆች ጀርባ ጠረግሁ።
የበረዶ ማሽኑ ለነገ።

ብርዱን የሚነፍሰው የውስጡ ማራገቢያ በረዶ ለብሷል። ይሄ የሚሆነው የውጭ አየር ሲገባ ነው። ከየት ይገባል? በሩን አሥር ጊዜ ዘጋሁ፣ አሥር ጊዜ ገጠመ።

እትዬ ሂሩት፣ የቤቱ ባለቤት፣ ቁልቁል እያዩኝ «ለእሑድ ይደርሳል አይደል?» አሉ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር። «ይደርሳል» አልኳቸው። ምን ይዤ እንዳልኩ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ የጾም ቀን ስለሆነ ሥጋ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለ ቀን ካላገኘሁ ኮልድ ሩሙን ማጥፋት አልችልም። ያለውን ሥጋ ወደ ፍሪዘሮቹ አዛወርንና አጠፋሁት።

በረዶው በራሱ ጊዜ መቅለጥ አለበት። የቸኮለ ሰው በቢላ ይፍቃል፣ ቱቦውን ይበሳል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ከዚያ ማሽኑ ከነጭራሹ ይቀራል። እኔ በጣሳ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስኩ ጠበቅሁ። መደርደሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉን በሳሙና፣ ቀጥሎ በበረኪና። ጋሽ ተሰማ መንጠቆዎቹን እያወረዱ አቀበሉኝ። በመሃል አንገታቸውን ደጋግመው ወደ በሩ ያዞራሉ። ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አበራሁት። ልሄድ ስል ሦስት ዲግሪ።

አራብሳ ቤቴ ስደርስ ጣቶቼ ቁልፍ መያዝ አቃታቸው። አንኳኩቼ ልጄ ከፈተችልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሰባት። በረዶውም ተመልሷል።

የበረዶ ማሽኑ ጀርባ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ የበረዶ ማሽኑን አጠብኩት፤ እዚያው ስለነበርኩ።

አዲሱ ሥጋ ጠዋት ገባ፤ ከነበረው ውስጥ ደግሞ ሁለት ታፋ ተጣለ። እትዬ ሂሩት የተጣለውን አይተው ወደ ቢሯቸው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሌጅ አብሮኝ የማቀዝቀዣ ጥገና ለተማረ ልጅ ደወልኩ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። «ማሽኑን ተይው፣ ጤነኛ ነው» አለኝ። «በሩን ጠብቂ። አንቺ ሳትኖሪ ምን እንደሚሆን እይ።» እኔ እኮ አብዛኛውን ቀን ወይ ጣሪያ ላይ ነኝ ወይ የፍሪጅ ጀርባ። በሩን ማን እንደሚከፍት አላይም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው።

ሚካኤል ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ጣሪያው ላይ ጭሱ አላስቆም ስላለኝ ሥራዬን ሳልጨርስ ወረድኩ። ኮልድ ሩሙ ጋ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ከሥር ተወትፎ ይዞታል። ብርዱ እግሬን ነካኝ። አምስት ቀን የታገልኩት ከአንድ ሳጥን ጋር ነው። ደሜ ፈላ። ሳጥኑን ጎትቼ አወጣሁና በሩን በሁለት እጄ ገፍቼ ጠረቀምኩት።

ወዲያው ከውስጥ ድብደባ ሰማሁ። ማንኳኳት አልነበረም። ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስከፍት ጋሽ ተሰማ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። አልፈውኝ ወጡና ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ እላለሁ፣ አይሰሙኝም።

ቆይተው ነገሩኝ። ነሐሴ ውስጥ ነው። ሥጋ ሊሰቅሉ ገቡ፣ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፣ የውስጡን መክፈቻ ቢገፉት ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ማንም አልሰማቸውም። አስተናጋጅ ቅቤ ሊወስድ ሲመጣ አገኛቸው። ምን ያህል እንደቆዩ አያውቁም። «ሰላምታ ሰጥቼው ወጣሁ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥን ሳይወትፉ አይገቡም፤ ሰሞኑን ደግሞ ሥራው ስለበዛ ሲመላለሱ ይውላሉ። እኔን ሲያዩ ያነሱታል።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ምሥሬ። ፈራ ይሉኛል። የፈራ ሽማግሌ ማን ያሠራል?»

ማታ ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። ሰኔ ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ «የኮልድ ሩም የውስጥ መክፈቻ ላልቷል። ሲመቸኝ።»

ሲመቸኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ገና ቱታዬን ሳልለብስ እትዬ ሂሩት ቢሮ ጠሩኝ። ስለ ሳጥኑ ከሰው ሰምተዋል። «ሦስት ታፋ ያስጣለን እሳቸው ናቸው ማለት ነው» አሉ። «ጋሽ ተሰማን አከብራቸዋለሁ፤ ግን አርጅተዋል። ከቅበላ በኋላ ቤታቸው ይረፉ።»

ዝም ብል ያልቃል። የማሽኑ ጉዳይ ተፈታ፣ እኔም ነጻ ነኝ። እንዳሰብኩት መካድ አልችልም። በሩ ጋ ደርሼ ነው የተመለስኩት።

«እትዬ፣ ሳጥኑን ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። እንዲያስቀምጡ ያደረግኋቸው ግን እኔ ነኝ።» ደብተሩን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የነሐሴውንም ነገርኳቸው።

አነበቡት። ከዚያ ተነስተው ወረዱ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው ኮልድ ሩም ገቡ። «ዝጊው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይቅር።»

«ዝጊው አልኩሽ።»

ዘጋሁት፤ እጄን ከእጀታው ላይ አላነሳሁም። መክፈቻው ሲሽከረከር ይሰማኛል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለ። ሲያንኳኩ ከፈትኩ። ብዙም አልቆዩም፣ ግን ሲወጡ ከንፈራቸው ደርቋል። «ዛሬውኑ ይሠራ» አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ፣ «አንቺም ሰኔ ላይ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።» ስለ ማረፍ ሌላ ነገር አላነሱም። ጋሽ ተሰማ ቢላቸውን እየሳሉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

መክፈቻውን ስፈታው የውስጡ ዘንግ ጥርሱ አልቋል። ይዤው ከአንድ ጋራዥ ሌላ ጋራዥ ዞርኩ። ሦስተኛው ጋ ያለው ብረት በቶርኖ የሚቀርጽ ባለሙያ አየት አድርጎ «ቁጭ በይ» አለኝና አዲስ ቆርጦ ሰጠኝ። ገጠምኩት። ውስጥ ገብቼ በሩን በራሴ ላይ ዘግቼ ከፈትኩ። ሃያ ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።

ስወጣ አራት ዲግሪ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሦስት። በማራገቢያው ላይ አንዲት ቅንጣት በረዶ የለም።

እረፍቴ ነበር፤ መጣሁ። ከረፋዱ ጀምሮ ቤቱ ሞልቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ተሰማ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ኮልድ ሩሙ ደጃፍ ቆመዋል። አሠራሩን አሳየኋቸው። መክፈቻውን በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ሳጥን አላመጡም፣ ግን አልገቡም።

«እዚህ ትሆኛለሽ?» አሉኝ።

«እሆናለሁ።»

ገቡ። በሩን ራሳቸው ዘጉት። ከውስጥ «ምሥሬ፣ አለሽ?» ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው ከሩቅ የመጣ ይመስላል። «አለሁ» አልኩ። መክፈቻው ቀጭ አለና ሽንጥ ተሸክመው ወጡ። ላብ አልቧቸው ነበር፣ በሦስት ዲግሪ።

ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም። እሳቸው «አለሽ?»፣ እኔ «አለሁ»። አስተናጋጆቹ አንዳንዴ እየዞሩ ያዩናል። እትዬ ሂሩትም አንዴ መጥተው አይተው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ጥድፊያው ሲበረታ ገብተው በሩ ተዘጋ። ጠበቅሁ። ጥሪ የለም። ረስተውት ይሁን መክፈቻውን አምነውት፣ አላወቅሁም። እኔ ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። የሰማሁት የመንጠቆ ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዱ ተነስቶ ሌላው ሲሰቀል።

በሩ ተከፈተ። ታፋውን ትከሻቸው ላይ እያመቻቹ «አንቺ አሁንም እዚህ ነሽ? ሂጂ፣ ምሳሽን ብዪ» አሉኝ።