የጎተራው ሹም የነከሳት ቂጣ

ለአለባቸው፣ ለትዳሬ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ሞልቶ ይኸው አሥር ቀን አለፈ። በሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖርሁ፤ ይህ ደብዳቤ ግን የሁለታችን ስለሆነ አንተ ልበልህ።

ቤቱ እንደነበረ ነው፤ የዘመመውን ምሰሶ ብቻ አስቀይሬዋለሁ። ርብ ወንዝ ዘንድሮ ሞልቶ ወጣና የታችኛውን ማሳ ደለል አለበሰው፤ ጤፉ ከነሥሩ በሰበሰ። ወረታ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆናለች። የመንግሥት ጎተራ ግን በቦታው አለ፤ ቁልፉም ያው በዚያ ሰው ወገብ ላይ ነው። ስሙን ከስምህ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አልጽፍም።

ዝናቡ የቀረበትን ያን ዓመት ታስታውሳለህ። ሜዳው ተሰነጣጥቆ ከጓያ በቀር የበቀለ አልነበረም። ጎተራው ግን ከየአውድማችን በአሥራት በተሰፈረ እህል ሞልቶ ነበር። አንተ ምጽዋት አልጠየቅህም። «በቁና ያበድረን፣ ለመከር በቁና ይቀበለን» ነበር ያልኸው። መንግሥት በጥጋብ ጊዜ የወሰደውን በችግር ጊዜ ካላወጣ ከነጋዴ በምን ይለያል እያልህ ስትከራከር ድምፅህ ዛሬም ይሰማኛል።

የሹሙን መልስ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። እህሉ ከወጣ በይፋግ ገበያ ዋጋ ይወድቃል፤ ዋጋ ከወደቀ ነጋዴ ከሩቅ እህል አያመጣም፤ ገበያው ራሱን ያስተካክላል፤ እስከዚያው ጓያ ሞልቷል፣ ጓያ ይብሉ። ፍርድ ማጓደል አልወድምና፣ ስለ ነጋዴው ያለው ውሸት አልነበረም። ነጋዴው እህል ይዞ መጣ። የምንገዛው ግን በሬያችንን ሸጠን ነበር። በሬውን የሸጠ ገበሬ ለከርሞ በምን ያርሳል? ይህን ማሰብ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ መንግሥት የተባለው ሰው ግን ቁልፉን ታጥቆ ተቀመጠ።

የእኔም ጥፋት አለበት። የአገሩ ሰው ጎተራው ደጃፍ ሊቀመጥ ሲነሣ፣ አንተም በትርህን ስታነሣ፣ የከለከልሁህ እኔ ነኝ። መሪጌታ አባቴ አንዲት ፊደል ስስት በአለንጋ እየገረፉ ያስተማሩኝ ሥርዓት ከደሜ አልወጣም። ማመልከቻ ልጻፍ፣ መልስ ሳይመጣ መነሣት ነውር ነው አልሁህ። ጻፍሁ፤ አንድ ስሕተት አልነበረበትም። መልስ አልመጣም። ስንጠብቅ ሦስት ወር አለፈ። የተገኘችውን ጤፍ ወደ ልጆቹና ወደ እኔ እየገፋህ አንተ ጓያ ብቻ በላህ። መጀመሪያ ጉልበትህ ራደ፤ ከዚያ ያለ ሁለት ምርኩዝ መቆም አቃተህ። ክረምት ሲወጣ ወባው የደከመ ሰው አገኘና ወሰደህ።

ካህናቱ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። «ጓያ እግር እንደሚይዝ ሳያውቅ የተናገረው ነው፤ የከተማ ሰው ነው፤ ይቅር በይው» ይሉኛል። እኔም ማወቅ የምፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም?

ለሰባት ዓመት ተዝካርህ ሊያስታርቁን ይዘውት መጡ። ዘንድሮም ችግር ነው፤ ጎተራው ዘንድሮም ተዘግቶ ነበር። በክብር ከመምሬ አጠገብ አስቀመጥሁት። ለሁሉም ጠላና ቂጣ ቀረበ፤ ቂጣው የጓያ ብቻ ነበር። የእርሱን ራሴ ቆርሼ ሰጠሁት። ነከሰ፤ ከዚያ መንጋጋው ቆመ።

«እመይቴ፣ ይህ ጓያ አይደለም?»

«ነው፣ ጌታው።»

«እግር ይይዝ የለም እንዴ! እናቴ በልጅነቴ የከለከለችኝ ነው!»

ጎረቤታችን አያሌው፣ በዚያው ዓመት እግሩን ያጣው፣ ምርኩዙን መሬት ላይ መታና «አይፍሩ ጌታው! ሦስት ወር ካልበሉት አይዝም» አለው። የሳቁት ምርኩዝ የያዙት ብቻ ነበሩ።

አለባቸው፣ ያውቅ ነበር። በገዛ አፉ ተናገረ፤ እኔ አንዲት ቃል አልጨመርሁም።

መምሬ ሊመርቁ ተነሥተው ነበር፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ጎተራው ሰኞ ለብድር እንደሚከፈት በመስቀላቸው ሳያስምሉት ማዕዱን አልባረኩም። ማለ። ሰኞም ተከፈተ። ሕዝቡ ቁናውን ይዞ ሲገባና ሲወጣ እርሱ ቁልፉን በእጁ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ አየሁት። ደስ አለኝ። ለንስሐ አባቴም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ካህናቱ እንግዲህ ታረቂ አሉኝ። አያሌው ያለ ምርኩዝ በደጄ ባለፈ ቀን እታረቃለሁ አልኋቸው።

የነከሳት ቁራሽ አልተጣለችም፤ ደርቃ ከዳዊቴ ማኅደር አጠገብ ተሰቅላለች። አንተን በየዕለቱ በጸሎት አስብሃለሁ። ለሹሙ ደግሞ ከእንግዲህ ባረፍህበት ቀን በየዓመቱ አንዲት የጓያ ቂጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቤቱ ድረስ እልክለታለሁ። እስክሞት ድረስ ሁለታችሁንም አልረሳም።