ያላስጸዳኋት ዜማ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ አቡሽዬ? ጤናህስ፣ ያ በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? እማዬ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ደረጃውን ተደግፋ ነው የምትወጣው ወይስ እንደ ልማዷ ምንም አልሆንኩም እያለች ታታልላችኋለች? አባዬስ መነጽሩን አሠራ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ማለቴ ግን ለወጉ ነው። ሌላም ነገር ይዞኛል፤ እሱን ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት።

ሥራዬ ያው ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አንሶላውን ከማድረቂያው እያወጣሁ ለመተኮሻው ማሽን አጎርሰዋለሁ፤ ከወዲያ በኩል ባልደረባዬ ተቀብላ ታጥፋለች። ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም ከማንም አያወራም። እኔም በሻሼ ሥር አንድ ማዳመጫ ሸጉጬ አብረን እያየን ያደግንባቸውን የጃፓን ካርቱኖች፣ የድሮዎቹን የአኒሜ ማጀቢያዎች እሰማለሁ። አለቃዬ አውቃ እንዳላወቀች ታልፈኛለች። እጄ እስካልዘገየ ድረስ ጆሮዬ የራሴ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በደስታ ከፈትኩት፤ አንብቤ ስጨርስ ግን ፊቴ እንዴት እንደጠቆረ እንጃ፣ አብራኝ የምትኖረው አስተናጋጅ ሰው ሞተብሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም፣ ወንድሜ ጓደኛ አገኘ አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ።

ምን ታድርግ? ሦስት ገጽ ሙሉ ኢንጂነሩ፣ ኢንጂነሩ፣ ኢንጂነሩ! ሞባይል ጠጋኝ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ የሰፈሩን መንገድ በሙሉ እሱ የዘረጋው ይመስለኝ ነበር። ኢንጂነሩ የሰበሰበው የአኒሜ ሙዚቃ ሃርድ ዲስክ ሞልቶ ተርፏል። ኢንጂነሩ የትኛውን ማን እንዳቀናበረው በቃሉ ይነግርሃል። ኢንጂነሩ ሱቁን ሲዘጋ አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍላችሁ ትሰማላችሁ። እዚች ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት። አልዋሽህም፣ ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። ማዳመጫውን ለሁለት መካፈል ያስለመድኩህ እኔ ነኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብሎ የተረተው ሰው እሱ ራሱ ሩቅ ሆኖ አያውቅም መሰለኝ።

ደግሞ ዘፈን የማይረሳው በድምፁ ጥራት ነው አለህ አሉ። አንተም ዝም አልከው? እኔ ያስተማርኩህ የት ገባ? የአኒሜው መክፈቻ ዘፈን ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚጠራ ሰው ነው፤ ይጮሃል፣ ኑ ግቡ ይላል። የመዝጊያው ግን የሚመጣው ታሪኩ ሆድህን አባብቶት ሳለ ነው፤ ለዚህ ነው ቋንቋውን ሳናውቅ የራሳችንን ቃል እየሞላን የምንዘፍነው። ከሁለቱም የሚብሰው ግን መሐል ላይ ያለ ግጥም የምትሰማው ትንሽዬ ዜማ ነው። የዚያችን የደወል ጠባቂ ልጅ ታሪክ አስታውስ። አባቷ ጥሏት የሄደ ቀን አንዲት ዜማ በፒያኖ ብቻ ተሰማች፤ እኛም ልብ አላልናትም። ከብዙ ክፍል በኋላ ልጅቷ ደወሉን በራሷ እጅ ስትደውል ያችው ዜማ በሙሉ ኦርኬስትራ ተመለሰች፤ አንተም ምን እንደነካህ ሳታውቅ ተንሰቀሰቅህ። ያስለቀሰህ ጥራቷ አይደለም፤ ቀድሞ ታውቃት ስለነበር ነው። ይህን ለኢንጂነሩ ንገረው፤ እህቴ ናት ያለችው በለው።

መጨረሻ ላይ የጠየቅከኝ ነገር ደግሞ ባሰ። ሚሞሪ ካርዷን ላኪልኝ አልከኝ፤ ከቴሌቪዥኑ ስፒከር ሥር ስልክ ደቅነን የቀዳናቸው ሁሉ ያሉባትን፣ ለሥራ ወደዚህ ስመጣ በቦርሳዬ የያዝኳትን። ኢንጂነሩ ቅጂያችሁ ቆሻሻ ስለሆነ ላጽዳላችሁ ብሏል። የድስት ክዳን መውደቁ፣ የቧንቧው ውሃ፣ የአባዬ ማስነጠስ ሁሉ ተጠርጎ ዜማው ብቻ ይቀራል ብሎሃል። አንተም ይህንን እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥረህ ጻፍክልኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

እምቢ ልልህ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልክ እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ግን ተውኩት። ከመላኬ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልስማቸው ብዬ በምሳ ሰዓት የአንሶላ ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ። የመክፈቻዎቹን ሰማሁ፤ እውነት ለመናገር ኢንጂነሩ አልዋሸም፣ ከዘፋኙ ይልቅ የእኛ ቧንቧ ይሰማል። ቀጥሎ የደወል ጠባቂዋ ልጅ መዝጊያ መጣ፤ ያችው የፒያኖ ዜማ ግጥም ተጨምሮባት። ዘፋኟ ሁለተኛውን ስንኝ ልትጀምር ትንፋሽ ስትወስድ ያንተ ድምፅ ገባ። የፊት ጥርሶችህ የወለቁ ሰሞን ስለሆነ ትኮላተፋለህ። እትዬ፣ አለቀ እንዴ አልከኝ። በሹክሹክታ ገና ነው አልኩህ። አንተም እንዳያልቅ አድርጊው አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ ብቻ ይቀጥላል።

ጋሪው ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ሰማኋት። ያን ዜማ ለምን እንደማልረሳው ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ ፒያኖው ሳወራ ኖሬያለሁ። ፒያኖው አይደለም ለካ። ዘፈን እንዳያልቅ ማድረግ ትችላለች ብሎ ያመነብኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ፤ እዚህ እንደዚያ የሚያየኝ ማንም የለም። ኢንጂነሩ ያችን ቢያጸዳት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረገው አንተ ነህ።

ስለዚህ ካርዷን ይህን ደብዳቤ ይዛልህ ከምትመጣው ባልደረባዬ ተቀበል። ሌሎቹን በሙሉ ልኬልሃለሁ፤ ያጽዳቸው፣ ይጠባቸው፣ ካሻውም ይተኩሳቸው። ያችን አንዷን ግን ወደ ስልኬ ወስጄ ከካርዱ አጥፍቻታለሁ። ንፉግ በለኝ፣ ነኝ። መስማት ስትፈልግ ደውልልኝና አሰማሃለሁ፤ ግን ብቻህን ሆነህ ደውል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አባዬን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታስነብበው፣ ዕድሜ ልኩን ያሾፍብኛል። ለአክስታችን የላከችው ሹራብ ልክክ ብሎልኛል በላት። ተከራይዋን ነርስ ለእማዬ ስለምታደርገው ሁሉ አመስግንልኝ። ለኢንጂነሩም ሰላምታዬን አድርስ። አጠገብህ የሚቀመጥባት ወንበር ግን ባለቤት እንዳላት ንገረው።

እትዬ

ከማጠቢያ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ኅዳር ፲፱ ቀን