ጣይብ የሚለው ስም

ጣይብዬ፣

አፈር ከገባህ ዘንድሮ ሁለተኛው ረመዳን ነው። ልጅህ ዘይነባ የፊት ጥርሶቿን ነቅላለች። ሱቅህን አንድ የደንቢያ ሰው ተከራይቶ እህል ይሸጥበታል። የስፌት መኪናህን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ እቤት አስገብቼ እኔው እሰፋበታለሁ። እንዳንተ ቀጥ አይልልኝም።

የወሰዱህን ቀን አልረሳውም። በመተማ መንገድ ድልድዩ ላይ ፈንጂ ፈንድቶ ሰው በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። ፖሊሶች ሰፈራችን አዲስ ዓለም መጥተው፣ ከሱዳን የመጣ ሁሉ ለምርመራ ይፈለጋል አሉ። አንተ የጎረቤታችንን የአያ መንግሥቴን ኮት እየለካህ ነበር፤ ሜትሩን አንገትህ ላይ እንዳደረግህ ተነሣህ። «አታልቅሺ፣ ጠይቀውኝ እመለሳለሁ» አልኸኝ። ከሱዳን መጥተህ አሥራ ሁለት ዓመት ጎንደርን ስታለብስ የኖርህ ሰው ነህና፣ እኔም አመንሁ።

ሰባት ወር ሙሉ ምሳህን ይዤ እስር ቤቱ በር ተመላለስሁ። ዳኛ ፊት መቼ ይቀርባል ስላቸው «ምርመራው አላለቀም» ይሉኛል። ክሱ ምንድን ነው ስላቸውም ያችኑ። አያ መንግሥቴ ዋስ ልሁነው ብሎ ቢለምናቸው፣ ያልተከሰሰ ሰው ዋስ የለውም ብለው መለሱት። ከዚያ ሁሉ ቀን አንዲት ቀን፣ ዘይነባ አተኩሷት፣ ቀርቼብሃለሁ። በር በሩን ስታይ ውለህ ይሆን? ያች ቀን ታንገበግበኛለች።

ከዚያ እስረኛው መካከል ተስቦ ገባ። አንድ ጠዋት ዘበኛው ምሳህን አልቀበልም ብሎ አንገቱን ሲደፋ ነው የገባኝ።

አንተ በሞትህ በወሩ የቀሩትን ለቀቋቸው። ሹሙ አስጠርቶ «ባልሽ ላይ የተገኘ ነገር የለም» አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎታል። ምነው ቀድሞ ቢሉት፣ ጣይብዬ?

ባለፈው ሳምንት ዘይነባን ትምህርት ቤት ወሰድኋት። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአንቺ አባት ስም ትመዝገብ፤ እስር ቤት የሞተ ሰው ስም ነገ ይጎዳታል» አለኝ። አልዋሽህም፣ ፈራሁ። እሺ ልለው አፌን ስከፍት ልጅህ ቀደመችኝ። «ዘይነባ ጣይብ» አለችው፣ ጮክ ብላ። ጸሐፊው አየኝ። እኔም «እንዳለችህ ጻፈው» አልሁ።

ጻፈው፣ ጣይብዬ። እኔ ቁሜ እስከሄድሁ ድረስ ማንም አይፍቀውም።

ሚስትህ ሰዓዳ