ወይንእሸት የሰረዘችው መስመር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣
ብቸና።

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ከዝናቡ ጋር ተነሣብዎት ወይስ ታገሠልዎት? የእናታችንስ ዓይን ተሻላት? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ልቤ ግን ካላረፈ አራት ቀኔ ነው።

በመጋቢት መብራት ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚመጣው የፊዚክስ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ክፍሉ ባዶ እንዳይውል ራሴ አስተማርኩ። አንድን ነገር ሳናቋርጥ ብንገፋው ብርሃንን ይቀድማል ብዬ በድሮው ስሌት ሠርቼ አሳየኋቸው። ፋንታ የሚባል የግንደወይን ልጅ ተነሥቶ፣ መጽሐፉ አይደርስም ይላል አለኝ። አንተ መጀመሪያ የአባትህን በቅሎ ቅደም አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እጁን አላወጣም።

ልጁ ልክ ነበር። ማክሰኞ የመምህሩን መምሪያ ከፍቼ አየሁት። ግዝፈት ያለው ነገር፣ የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት በቀረበ ቁጥር እያስቸገረ ይሄዳል። ሲነሣ አንድ ግፊት የጨመረለትን ፍጥነት፣ ዳር ሲደርስ ሺህ ግፊት አይጨምርለትም። የቀረችውን ለመድረስ መጨረሻ የሌለው ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ የትም የለም። ብርሃን ራሱ ግዝፈት ስለሌለው ነው እንዲያ የሚሄደው።

የሚያስፈራኝ እኔ ዘንድ ሆና የምትማረው ልጅዎ ወይንእሸት ናት። ሐሙስ ለጥናት ወደ እናንተ ስትመጣ፣ መናኸሪያው ላይ ለጓደኞቿ መጽሐፉን ገልጣ አሳየቻቸው። አይደርስም የሚለውን መስመር ሰርዛ የእኔን ቃል ከላዩ ጽፋበታለች። መጽሐፉ ተሳስቷል፣ አጎቴ ካለ አለ ነው አለቻቸው። ሁለት ቀን እውነቱን አውቄ አብሬያት በልቻለሁ። እዚያም ተማሪዎቼ ስለቆሙ አላረምኳትም፤ ሻንጣዋን ለረዳቱ አቀበልኩና ተመለስኩ።

ለብሔራዊ ፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። አርባ ሦስቱም ልጆች የእኔን ስሕተት ደብተራቸው ላይ ይዘው በየቀያቸው ተበትነዋል። ፈተናው ላይ ይህ ቢመጣስ እያልኩ ውዬ አድራለሁ። እርስዎ በጉባኤ ተማሪ ሲያርምዎት «ይበል» ብለው እርማቱን ተቀብለው ያልፉ ነበር፤ እኔ ከእርስዎ ያን አልተማርኩም። ሰኞ ግንደወይን እሄዳለሁ። ፋንታ ፊት ቆሜ ልክ አንተ ነበርክ ማለቱ ከአሁኑ ከብዶኛል።

ደብዳቤውን የሚያመጣልዎት ጨርቅ ነጋዴው ሳሊህ ነው። እንደደረሰ ለወይንእሸት ያንብቡላት፤ ለነገ አይበሉ።

እናታችንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እትዬ ፈንታዬን፣ ትንሹን ከፋለንም ሰላም ይበሉልኝ። ለወይንእሸትም ሰላምታዬ ይድረሳት። መስመሩን የሰረዘችው በእስክሪብቶ ነው፤ አይለቅም። ከጎኑ «አጎቴ ተሳስቷል» ብላ ትጻፍበት።

ታናሽ ወንድምዎ ሰማው
ሞጣ፣ ግንቦት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.